ሟቹ ኤተልሬድና አማቹ ኤተልሬድ

ባለፈው እሑድ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የበርናርድ ኮርንዌልን ተከታታይ ልብ ወለድ ስድስተኛ መጽሐፍ ጨረስኩ። በእንግሊዝኛ። ከአሥራ ሦስቱ ስድስቱ አለቁ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጀምሬ ሃያ ገጽ ሳልሞላ የምተው ሰው ነበርኩና ትንሽ ጉራ ፍቀዱልኝ።

ሁሉም የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ቤት «ዘ ላስት ኪንግደም» የሚባለውን ድራማ ሁለት ክፍል አየሁና አለቀልኝ። ዘመኑ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አገሩ እንግሊዝ ነው። ዴኖች (የዴንማርክ ቫይኪንጎች) በመርከብ እየመጡ የሳክሰኖችን መንግሥታት አንድ በአንድ ይውጣሉ። ዌሴክስ ብቻ ትቀራለች፤ ንጉሧ አልፍሬድ ነው። ኡትሬድ ደግሞ ሳክሰን ሆኖ ተወልዶ ዴኖች ያሳደጉት ጦረኛ ነው። «ኡትሬድ፣ የኡትሬድ ልጅ!» ብሎ ሲፎክር የኛ አገር ሰው ነው የመሰለኝ። አምስት ሲዝን፣ 46 ክፍል። ሦስት ሳምንት አልፈጀብኝም። በዚያ ሰሞን ሥራ ቦታ እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ።

ድራማው ሲያልቅብኝ እሱ ወደተሠራባቸው የኮርንዌል መጻሕፍት ገባሁ። የመጀመሪያው በ2004፣ የመጨረሻው በ2020 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እንግሊዝኛው እንደፈራሁት አልከበደኝም። አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ውጊያው ይነዳችኋል። መዝገበ ቃላት በየመስመሩ መግለጥ ግን ማንበብ አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው። ያልገባኝን ቃል እዘለዋለሁ። ሦስቴ ተመልሶ ከመጣ ያኔ አየዋለሁ።

ያቃጠለኝ ስም ነው።

እስቲ ስሙኝ። የአልፍሬድ አባት ኤተልዉልፍ ይባላል። ወንድሞቹ ኤተልባልድ፣ ኤተልበርትና ኤተልሬድ ናቸው። የወንድሙ ልጅ ኤተልዎልድ። ሴት ልጁ ኤተልፍሌድ። የልጅ ልጁ ኤተልስታን። ድራማው ላይ ችግር አልነበረም፤ ፊት አለ። ኤተልዎልድ ማለት ያ ጠጪው ነው፣ በቃ። መጽሐፍ ላይ ግን ሁሉም በ«ኤተል» ጀምረው ዓይኔ ፊት እንደ አንድ ሰው ያልፋሉ።

ታላቅ ወንድሙ ንጉሥ ኤተልሬድ በ871 ይሞታል፤ አልፍሬድም ይነግሣል። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ስደርስ ኤተልሬድ የአልፍሬድን ልጅ ኤተልፍሌድን ሲያገባ አገኘሁት። ሙት ተነሥቶ የወንድሙን ልጅ አገባ? ግማሽ ምዕራፍ እንደዚያ እያሰብኩ አነበብኩ። ለካ ሙሽራው የጎረቤቷ የመርሲያ ገዥ፣ ሌላ ኤተልሬድ ነው። ኡትሬድም ቢሆን አይሻልም። ሲወለድ ስሙ ኦስበርት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኡትሬድ ሲገደል ስሙን ለእሱ ሰጡት። አባቱም ኡትሬድ ነው።

ስልኬ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የዘር ሐረጋቸውን ፈለግኩ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ! ከየስሙ ጎን የሞቱበት ዓመት ተጽፏል። አልፍሬድ 899፣ ኤተልፍሌድ 918። የማነበውን ታሪክ በገዛ እጄ ገደልኩት።

መላውን ያገኘችልኝ እማዬ ናት። ቡና እየቆላች ሳማርር ሰማችኝ። «አንቺ ልጅ፣ የአባትሽ ወንድሞች ሦስቱም ወልደ አይደሉም እንዴ? መቼ ተምታተውብሽ ያውቃሉ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወልደ ሰንበትን ከወልደ ጊዮርጊስ የምለየው በጭራው ነው፤ «ወልደ»ን ጆሮዬ አይሰማትም። ለካ «ኤተል»ም የእነሱ «ወልደ» ነው። ትርጉሙ «የከበረ» ማለት ነው። ሬድ ምክር፣ ስታን ድንጋይ፣ ዉልፍ ተኩላ። ኤተልስታን ማለት የከበረ ድንጋይ ነው እንግዲህ። ሣህለ ሥላሴ የሸዋ ንጉሥ፣ የልጅ ልጁ ምኒልክ ደግሞ ሲወለድ ሣህለ ማርያም ነበር። ይህን የሚያነብ እንግሊዛዊም እንደኔ ራሱን ሳያክክ አይቀርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንባሩን ቆርጬ ጭራውን ብቻ አነባለሁ። የተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ፦ ፍሌድ፣ ስታን፣ ዎልድ። በራሳችን ፊደል ሲጻፉ ሰው ሰው ይሸታሉ። ለሁለቱ ኤተልሬዶች ግን ጭራውም አልጠቀመም። እነሱን «ሟቹ» እና «አማቹ» ብያቸዋለሁ።

የቦታ ስምም አለ። ሉንደን ለንደን መሆኗን ማንም ይገምታል። ኤዮፈርዊች ዮርክ፣ የኡትሬድ የትውልድ ምሽግ ቤባንበርግ ደግሞ ባምበራ መሆናቸውን ግን በምን ልወቅ? ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ስደናበር ቆይቼ ነው ዝርዝሩ እያንዳንዱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ እንዳለ ያየሁት። መግቢያ መዝለል የቆየ አመሌ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን የታሪክ ማስታወሻ ግን አትዝለሉ። የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ደራሲው ራሱ ይናዘዛል። ኮርንዌል በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነው። ወላጅ አባቱን ካናዳ ሄዶ ያገኘው ካረጀ በኋላ ነው። የአባቱ የቤተሰብ ስም ኦውትሬድ ነበር፤ የዘር ሐረጉም እስከ ቤባንበርግ ጌቶች ይደርሳል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ «የኡትሬድ ልጅ» የሚለው ፉከራ ሌላ ሆኖብኛል።

«መጀመሪያ መጽሐፉ፣ ከዚያ ፊልሙ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በሁለተኛ ቋንቋ ለምታነቡ መጀመሪያ እዩት፤ ፊቶቹን ተበደሩ። አንድ ሲዝን ወደ ሁለት መጽሐፍ ይሸፍናል። አንድ ሲዝን አይታችሁ ሁለቱን ማንበብ ነው ደንቡ። እኔ አልጠበቅኩትም፤ 46ቱንም አስቀድሜ ጨርሻለሁ። ለዚህ ነው አንዳንድ ምዕራፍ ላይ የምተኛው። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ወደ አርባ ገጽ ዘልያለሁ፤ ስለዚህ «ስድስት አነበብኩ» ያልኩት አምስት ከምናምን ነው። መጽሐፉ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ ተራኪው ያረጀው ኡትሬድ ራሱ ነው። የዚያ ሽማግሌ ምሬትና ቀልድ ስክሪኑ ላይ የለም። ድራማው ላይማ ሁሉም ሲሸብቱ እሱ ብቻ አያረጅም።

እማዬ አሁን ቡና በፈላ ቁጥር «አማቹስ? ሚስቱን እንዳሠቃየ ነው?» ትለኛለች። እንዲሞት ትፈልጋለች። ከዚያ የዘር ሐረግ ላይ 911 የሚለውን አይቻለሁ። አልነገርኳትም።