በሚስማርና በበረዶ ውሃ የቆዳን የቅዝቃዜ ነጥቦች እንዴት እንደለየሁ

ቆዳ ቅዝቃዜን በመላ ገጹ እኩል አይለይም። ቅዝቃዜ የሚለዩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ ሙቀት የሚለዩ ደግሞ ሌሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቦታ ሲነካ መነካቱ እንጂ ቅዝቃዜው አይታወቅም።

ነጥቦቹን ክንዴ ላይ ለማግኘት የተጠቀምኩት ጫፋቸውን በሞረድ ያዶለዶምኳቸውን ሁለት ሚስማሮች፣ በረዶ የገባበት አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ፎጣ ነው። በክንዴ የውስጥ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሠርቼ በየ2 ሚሊ ሜትሩ አሰመርኩት፤ 100 ትንንሽ ካሬዎች ወጡ። ያንኑ ወረቀት ላይ ሣልኩ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ቀዘቀዘኝ» ወይም «ተነካሁ» ስል፣ የሚነካኝ ሰው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል።

የመጀመሪያው ዙር ከንቱ ነበር፤ ሁሉም ካሬ ማለት ይቻላል «ቀዘቀዘኝ» አሰኘኝ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሚስማሩ ስላልደረቀ ቆዳዬ ላይ የቀረችው ጠብታ እየተነነች ታቀዘቅዘኝ ነበር። ካሬዎቹንም በተርታ ስለነካናቸው ቅዝቃዜው ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ተዛመተ። በሁለተኛው ዙር ሚስማሩን አድርቀን፣ ቅደም ተከተሉንም አዘበራርቀን ጀመርን፤ ከጥቂት ንክኪ በኋላ ግን ምንም አልሰማ አለኝ። የቆዳ ሙቀት 32 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀጭን ሚስማር በቶሎ ይሞቃል። ለዚህ ነው ሁለት ሚስማር የሚያስፈልገው፦ አንዱ ሲሠራ ሌላው በረዶ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ በየ3 ንክኪውም ይቀያየራሉ። ንክኪው ከ1 ሰከንድ አይለፍ፣ አይጫንም። አልፎ አልፎ በ32 ዲግሪ ውሃ የቆየ ሚስማር ሳይነገረኝ ጣል ይደረጋል፤ በእሱም «ቀዘቀዘኝ» ካልኩ እየገመትኩ ነው ማለት ነው። ከ3 ዙር ቢያንስ 2 ጊዜ ያልቀዘቀዘን ነጥብ አልቆጥርም።

የሙቀት ነጥቦች ፍለጋ ትዕግሥት ይፈትናል። በክንድ ላይ በጣም አናሳ ስለሆኑ በዚያ ካሬ ውስጥ አንድ ሁለት ቢገኙ ነው። ውሃውን ከ40 ዲግሪ አላሳለፍኩም። ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ቲአርፒቪ1 የሚባለው የነርቭ ጫፍ በር ይከፈታል፤ ያኔ የሚሰማው ሙቀት መሆኑ ይቀርና ማቃጠል ይሆናል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚከፍተውም ይህንኑ በር ነው። በሩን በ1997 የለየው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ሲሆን፣ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል። ለቅዝቃዜ ደግሞ ቲአርፒኤም8 አለ፤ ሜንቶል ስለሚከፍተው ቆዳው ሳይቀዘቅዝ የቀዘቀዘ ይመስላል። ስለዚህ በሙከራው ቀን ክንድ ላይ ሜንቶል ያለበት ቅባት አይቀባም።

ሕመምን በዚሁ ክንድ ለመመርመር ማሰቤ ግን ስሕተት ነበር። ስለታሙን ሕመም በሚያደርሱት ነርቮች ውስጥ መልእክቱ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ቀስ ብሎ የሚመጣውንና የሚያቃጥለውን በሚያደርሱት ውስጥ ግን ከ2 ሜትር አያልፍም። ክንድ ለሕብለ ሰረሰር ቅርብ ስለሆነ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚጎላው እግር ላይ ነው፤ 1 ሜትር መንገድ በሰከንድ 10 ሜትር ለሚሄደው 0.1 ሰከንድ፣ በሰከንድ 1 ሜትር ለሚሄደው ሙሉ 1 ሰከንድ ይፈጃል። የእግር ጣት ድንገት ሲመታ መጀመሪያ ውግት፣ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ደግሞ ጥዝጣዜው የሚከተለው በዚህ ነው።