በባቄላና በሽምብራ የመረጥን ቀን

ደሴ ውስጥ 1ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ 38 ልጆች አሉት። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዴት እንዳገኙ ላስተምራቸው ብዬ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ዓመተ ምሕረት ደረደርኩ። ኒውዚላንድ፣ በፈረንጆች 1893፣ ከአገር ሁሉ ቀድማ። ገለበጡት፣ ግን ጠብ ያለላቸው ነገር የለም። የ6 ዓመት ልጅ 1893 ሲባል ትናንት ይሁን የኖኅ ዘመን በምን ያውቃል?

በማግስቱ የጫማ ካርቶን ይዤ ገባሁ። ክዳኑን በምላጭ ሰንጥቄዋለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ሰጠሁ። በዕረፍት ሰዓት ኳስ የሚፈልግ ባቄላውን፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚፈልግ ሽምብራውን ይከታል። «ዛሬ የሚመርጡት ወንዶች ብቻ ናቸው» አልኩ። ኳስ አሸነፈ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ስሜቱ እንዲገባቸው ብዬ ሴቶቹን እስከ ከሰዓት አቆየኋቸው። አንዷ ምሳዋን ሳትነካ፣ ሽምብራዋን በመዳፏ እንደጨበጠች መጣችና «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እሷ ቅጣት መስሏታል። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ጨዋታ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከአምስት ደቂቃ በላይም አታቆዩት፣ ተራቸውን እዚያው ክፍለ ጊዜ ውስጥ መልሱላቸው።

ሁለተኛውን ስህተት ያሳየችኝ ታሪክ የምታስተምር ባልደረባዬ ናት። ቡና ላይ ስነግራት «ቆይ፣ የኛ አገር እኮ እንደሱ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ተራው ወንድም አይመርጥም ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ግን የመምረጥ መብቱ ለወንዱም ለሴቱም እኩል መጣ። እኔ የኒውዚላንድን ታሪክ የኛ አስመስዬ ነበር ያጫወትኳቸው።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «ልጆች፣ ቲቸር ትናንት ተሳስቼ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ሽምብራ ከተትኩና «በቃ፣ ተመርጧል» አልኩ። ወንዶቹም ሴቶቹም እኩል ጮሁ! «የድሮው እንደዚህ ነበር» አልኳቸው።

ከዚያ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ታሪክ ነገርኳቸው። የታሪኩ መግቢያ ለኛ ቅርብ ነው። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትን ደሴ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ አምባሰል የተወለዱት የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በእቴጌ መነን ስም የተጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት በርእሰ መምህርነት የመሩት ደግሞ ስንዱ ናቸው። በፈረንጆች 1957 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ ፓርላማ ገቡ፣ የመጀመሪያዋ ሴት።

እኔን ራሴን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፦ ስንዱ በወጣትነታቸው የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። የስዊዘርላንድ ሴቶች ግን በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በፈረንጆች 1971 ነው። ከስንዱ 14 ዓመት ዘግይተው! ለልጆቹ «አሁን የተወለደ ሕፃን 8ኛ ክፍል እስኪደርስ» አልኳቸው። ዓመት ስትቆጥሩላቸው በክፍል ቁጠሩ፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

በመጨረሻ ሁሉም መረጡ። ያቺ ልጅ ሽምብራዋን ከታ ዞር አላለችም፣ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየች፣ መውደቁን አረጋግጣ ነው የሄደችው። ሰኞ ማክሰኞ 21፣ ኳስ 17። ወንዶቹ «እንደገና ይቆጠር!» አሉ። ሦስት ጊዜ ቆጠርን፣ ሦስተኛውን ራሳቸው ቆጠሩት።