ጉዳዩ፦ ሐምራዊ ፈረስን ይመለከታል

ደብዳቤዬ አጭር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባልከነከነኝ ነበር። “ይድረስ ለፕሮግራሙ አዘጋጅ” ብዬ ጀመርኩ፤ “ጉዳዩ፦ የፈረሴን ሐምራዊ መሆን ይመለከታል” የሚል ርእስ ሰጠሁት፤ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚዘጋጀው ነፃ የሞድ ማኔጀር (ሞድ የሚባሉትን፣ ተጫዋቾች ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሯቸውን ጭማሪዎች፣ የሚጭን ፕሮግራም) የቤታ ማለትም የሙከራ ስሪት ያለኝን ቅሬታ አንቀጽ በአንቀጽ ዘርዝሬ፣ “አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ” በማለት ዘጋሁት። የመጣልኝ መልስ አንዲት ቃልና አንድ የጥያቄ ምልክት ነበረ።

“ሎግ?”

ሞድ የጫነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጨዋታው የአንድን ነገር ቴክስቸር (ላዩን የሚያለብሰውን ሥዕል) ፈልጎ ሲያጣው ዝም ብሎ አይዘጋም፤ በምትኩ ሐምራዊ ቀለም ቀብቶ ያቀርብልሃል። እኔ የጫንኩት የፈረስን ቆዳና ጋማ የሚያሳምር ሞድ ነበር። ማኔጀሩም ሥራውን ሲጨርስ “በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል” የሚል ጽሑፍ ከአረንጓዴ ምልክት ጋር አሳይቶኛል። ይህችን አረንጓዴ ምልክት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ፈረሱ ሐምራዊ ሆነ ስል ትንሽ ቀላ አለ ማለቴ አይደለም። ከጆሮው ጫፍ እስከ ሰኮናው፣ ዓይኑም ጥርሱም ሳይቀር፣ አንድ ወጥ ሐምራዊ ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራው ይደበዝዛል፣ ሐይቁ ይጠቁራል፣ እርሱ ግን እንደ ሠርግ ቤት መብራት ቦግ ብሎ ያመሻል። ሽፍቶች ወደ ሰፈሩበት ዋሻ በሌሊት ተጠግቼ፣ ከፈረሱ ወርጄ በሆዴ ስሳብ ጨዋታው “ተደብቀሃል” እያለ ያረጋግጥልኛል፤ ከኋላዬ ግን ከሦስት ሸለቆ ማዶ የሚታይ እንስሳ ቆሞ ሣር ይግጣል። ይባስ ብሎ ሽፍቶቹ በእርግጥም አያዩኝም። የከተማው በር ጠባቂ አያስቆመኝም፣ መንደርተኛው ዞር ብሎ አያየውም፣ ፈረሱን የሸጠልኝ የበረት ባለቤትም ባየው ቁጥር “እንዴት ያለ ግሩም እንስሳ ነው!” ይለኛል። በዚያ ሁሉ ሰፊ ዓለም ውስጥ በፈረሱ የሚያፍረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤዬን የጻፍኩት በዚህ ስሜት ውስጥ ሆኜ ነውና “አስቸኳይ” የሚለው ቃል ያለ ቦታው አልገባም።

ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የመዘገበበትን ማስታወሻ፣ ላክሁ። ብዙ ሺህ መስመር ያለው ፋይል ነው፤ ከመላኬ በፊት ራሴ አንብቤ ስህተቱን ላገኝ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ሎግ ማንበብ የሌላ ሰው ቤተሰብ ጠብ መሃል መግባት ነው፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ማን ማንን እንደበደለ አይታወቅም። አዘጋጁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንዲት መስመር ነቅሶ አወጣ፦ “የፈረስ ቆዳ፦ ፋይሉ በሌላ ድራይቭ ላይ ስለሚገኝ ታልፏል።” ለካ ማኔጀሩ ፋይሎቹን ወደ ጨዋታው ፎልደር አይቀዳም፤ በሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል በሌላ ፎልደር ሁለተኛ ስም በመስጠት) ያያይዛቸዋል እንጂ። ሃርድ ሊንክ ደግሞ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ ድራይቭ አይሻገርም። ሞዶቼ በአንዱ፣ ጨዋታው በሌላው ድራይቭ ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ያቺ መስመር የተመዘገበችው “ስህተት” ተብላ ሳይሆን “መረጃ” ተብላ ነው። ፕሮግራሙ ቆዳውን እንዳለፈው ያውቅ ነበር፤ አውቆ ለራሱ ማስታወሻ ያዘ፤ ለእኔ ግን አረንጓዴ አበራልኝ።

በዚህ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ መብቱን አጣሁ። ያልተከፈለበት ነገር ላይ መቆጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ነፃ ፕሮግራሞች የሚወጡበት የኤምአይቲ ፈቃድ፣ ሶፍትዌሩ “እንዳለ” እንደሚቀርብና ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይናገራል። ሰውዬው ቀን ሌላ ሥራ ሠርቶ፣ ማታ የእኔን ፈረስ ቆዳ የሚፈልግ ሰው ነው። ነፃ ይሁን ብለን የጮኽነውም እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የስቲም መደብር ባለቤት ቫልቭና የስካይሪም ጨዋታ ሠሪ ቤተዝዳ የስካይሪም ሞዶች በገንዘብ እንዲሸጡ ሲፈቅዱ፣ ለሞድ ሠሪው ይደርሰው የነበረው ከመቶ 25 ብቻ ነበር፤ ተጫዋቹ ግን ያለማቋረጥ ጮኾ በአራት ቀን ውስጥ አስቀረው። እኔም ከጯኺዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ነገሩ ነፃ ሲሆን የመቆጣት መብቴ እንደሚጠፋ ግን ማንም አልነገረኝም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ገንዘባችንን የወሰደውን ወገን ማንም አለመቆጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2021 ስካይሪም 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር በወጣው ማሻሻያ፣ የጨዋታው ዋና ፋይል በአዲስ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ፕሮግራም በሚቀይር መሣሪያ) ተሠርቶ ስለ መጣ፣ በስክሪፕት ኤክስቴንደር (የጨዋታውን የስክሪፕት አቅም በሚያሰፋ ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ የቆሙ ብዙ ሞዶች በአንድ ጀምበር ተሰበሩ። እንዲህ ያለ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር “የእናንተ ሞድ ጨዋታዬን አበላሸው፤ መቼ ነው የምታስተካክሉት?” እየተባለ የሚወቀሰው ግን በትርፍ ጊዜው የሚሠራው በጎ ፈቃደኛ ነው። ጨዋታውን የሸጠው ድርጅት ስልክ እንኳ የለውም፤ በጎ ፈቃደኛው ግን ይመልሳልና እርሱን እንጠይቃለን። እኔም የጻፍኩት ለእርሱ መሆኑ ይታወቅልኝ፤ ሆኖም ርእስና ሰላምታ ያለው ደብዳቤ ነው የጻፍኩት፤ ይህ ልዩነት ሊታይልኝ ይገባ ነበር።

አልታየልኝም። በሚቀጥለው የቤታ ስሪት “የታወቁ ችግሮች” የሚል ዝርዝር ወጣ። በዝርዝሩ ውስጥ “ፕሮግራሙ በድንገት ከተዘጋ የሞዶች ቅደም ተከተል ሊጠፋ ይችላል” የሚል አለ፤ “አልፎ አልፎ ሴቭ ፋይል ሊበላሽ ይችላል” የሚልም አለ፤ ሁለቱም ያለ ምንም አስተያየት ተጽፈው አልፈዋል። ከእነርሱ በታች እንዲህ ይላል፦ “ፈረስ ሐምራዊ ሆኖ መታየት (አስቸኳይ አይደለም)።”

የሰው የወራት ጨዋታ ሲጠፋ ቅንፍ የለም፤ ቅንፍ የተገባው የእኔ ፈረስ ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ደብዳቤዬን መሰረዝ ትርጉም አልነበረውም፤ ያነበቡት ሰዎች “ፈረሱ እንዴት አደረ?” ማለት ጀምረው ነበር። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፍ የሚደረግበትን ቁልፍ ተጫንኩ። ከስጦታው ጋር መልእክት የሚጻፍባት ጠባብ ሳጥን አለች፤ በእርስዋም ላይ፣ ይህ ስጦታ ከምንም ነገር ጋር እንደማይገናኝ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ቅንፉ ቢነሣ ደስ እንደሚለኝ በሁለት መስመር ገለጽኩ። አዘጋጁ አመሰገነኝ፤ በዚህ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሟል።

ቃሉንም ጠብቋል ለማለት ይቻላል። አሁን በወጣው ስሪት፣ ፋይሎቹ በተለያየ ድራይቭ ላይ ሲሆኑ ማኔጀሩ አረንጓዴውን ትቶ በቀይ ያስጠነቅቃል፤ ፈረሴም ወደ ቡናማ ቀለሙ ተመልሷል፤ ያቺ መስመርም ከታወቁት ችግሮች ዝርዝር ወጥታለች። የሄደችው “ተስተካክለዋል” ወደሚለው ዝርዝር ነው፦ “ፈረስ ሐምራዊ ሆኖ መታየቱ ቀርቷል (አስቸኳይ አልነበረም)።”