ከሂዲንክ የኮሪያ ጊዜ ወስጄ ልጆቼ ላይ እየሞከርኩት ያለሁት

ሰላም አሰልጣኞች፣ በዚህ ሲዝን ልጆቼ ላይ የያዝኩትን ነገር ላካፍላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ነው የማሰለጥነው፣ ቡድኑ ውስጥ የሐበሻ ልጆች አሉ፣ የኤልሳልቫዶር ልጆች አሉ፣ ኮሪያዎች አሉ፣ ፈረንጆችም አሉ፣ ሁሉም ከቤቱ የየራሱን አመል ይዞ ነው የሚመጣው።

ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ያጠናሁት ሆላንዳዊውን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ጉስ ሂዲንክን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው)። ሰውየው በ1998 የዓለም ዋንጫ ሆላንድን ይዞ ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 0 ረትቶ ነበር፣ በ2001 ደግሞ ያችኑ ኮሪያን ሊያሰለጥን ሄደ። ኮሪያ እስከዛ ድረስ በዓለም ዋንጫ አንድም ጨዋታ አሸንፋ አታውቅም። ተጫዋቾቹ ይሮጣሉ፣ ይታዘዛሉ፣ ግን ታናሽ ታላቁን ሜዳ ላይ ጮሆ ማዘዝ ነውር ነው፣ ምግብ ላይ እንኳን በእድሜ ነበር የሚቀመጡት። ሂዲንክ ሜዳ ውስጥ በስም ብቻ ተጠራሩ አላቸው፣ ገበታውንም ቀላቀለው።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያወራ "ባህላቸውን ቀየረው" ይላል፣ እኔ አልስማማም። የነካው ጨዋታውን የሚያዘገየውን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ታዛዥነትና ለቡድን መልፋት ባይኖር ያንን ከባድ የፊትነስ ስራ ማን ይችለው ነበር? በ2001 በፈረንሳይም በቼክም 5 ለ 0 ተሸንፎ "አምስት ለዜሮ" የሚል ስም ወጥቶለት እንኳን ከያዘው መንገድ አልወጣም፣ በ2002 ፖላንድን፣ ፖርቱጋልን፣ ጣሊያንን አሸንፎ ስፔንን በፔናሊቲ ጥሎ አራተኛ ወጣ።

ወደ እኔ ቡድን ስመጣ፣ ኮርነር ሲመጣ በረኛችን ሁለተኛው ቋሚ ጋ ብቻውን የቆመ የተጋጣሚ ተጫዋች ያያል፣ ግን ትንሹ እሱ ስለሆነ ተከላካዩን አይጠራውም። የሐበሻ ልጅ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ነው የተማረው፣ ደግሞ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ስለዚህ ሮንዶ ላይ (ክብ ሰርተው መሀል ያለው እንዳይነጥቃቸው ኳስ የሚቀባበሉበት ልምምድ ነው) አንድ ህግ አወጣሁ፣ የሚያዘው በእድሜ ትንሹ ብቻ ነው፣ "ሰው መጣብህ"፣ "ዙር"፣ "ብቻህን ነህ"፣ ትልልቆቹ አፋቸውን ዘግተው ይሰማሉ። መጀመሪያ ድምፁ አይወጣም ነበር፣ አሁን ግን ጨዋታ ላይም ከመስመር ውጪ ሆኜ ይሰማኛል፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሳልነካ የተውኩትም አለ። የሐበሻ ልጆቹ ጋሼ ይሉኛል፣ ሌሎቹ በስሜ፣ ማንንም አላስተካክልም። ስመክረው አንገቱን የሚደፋ ልጅ ካለ "እየኝ" አልለውም፣ በኳስ አሳየኝ ነው የምለው፣ ከገባው እግሩ ላይ ይታያል። "ለምን?" ብሎ የሚጠይቀኝን ፈረንጅ ልጅ ደግሞ እንደ ንቀት አልወስድበትም፣ እመልስለታለሁ፣ እቤታቸው ሲጠይቁ ነው ያደጉት።

እኛ አገር ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከ1946 ጀምሮ ኖሮ ነው አበበ ቢቂላን በ1960 ሮም ላይ ያበቃው፣ 14 ዓመት ማለት ነው። ብሄራዊ ቡድኖቻችን ላይ የውጭ አሰልጣኝ አምጥተን ቶሎ ውጤት ስንጠብቅ ይሄን ብናስታውስ ጥሩ ነበር፣ አገር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ደግሞ ሂዲንክም ሁሌ አልተሳካለትም። አውስትራሊያን በ2006 የዓለም ዋንጫ ከምድብ አሳልፏል፣ ሩሲያን በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ አድርሷል፣ ቱርክ ግን ለ2012ቱ አውሮፓ ዋንጫ ሳታልፍ ቀረች፣ የቻይና ወጣቶች ጋርም በ2019 አሰናበቱት። ኮሪያ ላይ የሰራውን ነገር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ እንደማይቻል ከዚህ ይገባኛል፣ ስለዚህ ቀጥዬ የማነበው ቱርክ ላይ ምን እንደጎደለ ነው። ልምምድ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው አምበልነቱን በየጨዋታው ማፈራረቅ ነው፣ ከእናንተ መሀል የሞከረው ካለ ወላጆች እንዴት እንደተቀበሉት ፃፉልኝ።