አባቴ ቀጠሮ አላቸው

ትናንት ቅዳሜ አባቴን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሐዋሳ ስደርስ፣ በሩን የከፈተችልኝ የጎረቤት ልጅ «አባባ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄደዋል፤ ቶሎ የሚመለሱም አይመስለኝም» አለችኝ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብቸኝነት ይጎዳቸዋል ብዬ ስሰጋ የኖርኩት እኔ፣ እሳቸውን ለማግኘት ተራ መያዝ እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው።

ከአምስት ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ሐይቁ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉም የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ በእድርና በማኅበር የተሳሰሩ፣ ማለዳ አብረው በእግር ተጉዘው ሲደክማቸው ዳማ የሚጫወቱ። ሰሌዳው በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን፣ ጠጠሮቹ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪዎች ሲሆኑ፣ የአንዱ ወገን በጀርባው፣ የሌላው በደረቱ ተቀምጦ ይለያል። አባቴ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አስተውለው፣ በአንድ እጅ ሦስት ቆርኪ ሲበሉ የተነሣው ሳቅ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አስበረገገ። (በስልክ ጉልበቴን ያመኛል ያሉኝ እኚሁ ሰው ናቸው።)

«አባባ፣ ምሳ ልጋብዝዎት» ብላቸው፣ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳይነቅሉ «ከሰዓት የእድር ስብሰባ አለን፤ ማታ እንገናኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

የገዛሁላቸው ከዘራ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ ነው።