ያጋጠመ ችግር፦ ዝናብ

ሰኔን መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። በጀት ይዘጋል። ሳይነካ የቀረ ገንዘብ ሐምሌ 1 ቀን የለም። በ2006 ዓ.ም እኛ ጋ ሳይነካ የከረመው "የሠራተኞች ጉብኝት" የሚለው ርእስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ማንም አላነሳውም። ሰኔ ሲጋመስ ትዝ አላቸውና "ሠራተኛውን ባሕር ዳር እንውሰድ፣ የጣና ደሴቶችን ይይ" ተባለ። ክረምት ገብቷል ያለ ሰው አልነበረም። ቢኖርም ገንዘቡ እስከ መስከረም አይጠብቅም።

እኔ ያኔ ጠቅላላ አገልግሎት ነበርኩ። አዘጋጅ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሦስታችንም ወንዶች ነን። ሥራው ግን እኔ ላይ ወደቀ፤ አውቶቡስ፣ ሆቴል፣ ምሳ፣ ጀልባ።

ለጀልባው ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ሁለቱ ጣራ ያላቸው ናቸው። ሦስተኛው ክፍት ነው፣ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። ስፔሲፊኬሽኑን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። "31 ሰው የሚይዝ የሞተር ጀልባ" ይላል። ስለ ጣራ አንድ ቃል የለበትም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አያወዳድርም። ስለዚህ ዝቅተኛው ዋጋ አሸነፈ። መመሪያውን ጠብቄያለሁ፣ ኦዲተር ቢመጣ የሚያገኝብኝ የለም። በክረምት፣ ጣና ላይ፣ ክፍት ጀልባ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ፕሮግራም ናርጋ ሥላሴን ነበር የሚለው። ናርጋ ደቅ ደሴት ላይ ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ነች። ሴቱም ወንዱም ይገባባታል። በግድግዳዋ ላይ እቴጌዋ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህንን ሥዕል ለማየት ብለው ስማቸውን ያስመዘገቡ ሴቶች ነበሩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን። "ደቅ ድረስ ሄደን ዳጋን ሳናይ ልንመለስ ነው?" አለን። "የነገሥታቱ አስከሬን ያለበት እኮ ነው። ጨምሩት።"

ጨመርኩት። "ዳጋ እስጢፋኖስ፣ 1 ሰዓት" ብዬ ከናርጋ በፊት አስገባሁ። አዲሱን ፕሮግራም አልለጠፍኩትም፤ ጊዜ አልነበረም። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ሰምቼ አውቃለሁ። ዳጋም እንደዚያው መሆኑን ግን አላወቅኩም። አልጠየቅኩምም።

እዚያ ስብሰባ ላይ ቡና ያመጡልን የሻይ ክፍሏ እናት ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ሲኒውን በየፊታችን አስቀመጡ፣ ትሪያቸውን ይዘው ወጡ።

መንገዱን በአጭሩ ልለፈው። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ ጉም ዋጠን፣ ሾፌሩ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ ነዳ። ደጀንን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ባሕር ዳር የገባነው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ሆቴሉ ስድስት ክፍላችንን ለሌላ ሰጥቶ ጠበቀን። ሰው ተጠጋግቶ አደረ። ይሄ ሁሉ ይረሳል፣ ጉዞ ነው።

ቅዳሜ ሰኔ 21 ነበር። ማርያም ናት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ከወንዶቹ ቀድመው ወደቡ ላይ ተገኙ። ሲያካፋ ነበር። ባሕር ዳር ሞቃት ነው ብሎ ሹራብ ያልያዘው ብዙ ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ዝናብ ከነፋስ ጋር ውኃው ላይ ሲመጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገድ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው አጠገባችን አለፈ። ላስቲክ ተከናንቧል። ሁላችንም ዞረን አየነው።

ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ዳጋ ከሩቅ ስትታይ ውኃ ላይ የተቀመጠ የመሶብ ክዳን ትመስላለች። ከሥር እስከ አናቷ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጫፉ ላይ ስላለ ከታች አይታይም። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀነሰና ወደ እኔ ዞረ።

"ሴቶቹ እዚሁ ጀልባው ላይ ይቆያሉ አይደል?"

"ለምን?" አልኩት።

"ዳጋ እኮ ነው ወንድሜ። ሴት አይወጣበትም።"

ወሬው ሁሉ ቆመ። ከ31 ሰው 14ቱ ሴቶች ናቸው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የፋይናንስ ኃላፊያችን እጃቸውን ዘርግተው ፕሮግራሙን ተቀበሉኝ። ወረቀቱ ርሶ ቀለሙ ተዘርግቷል። "ዳጋ እስጢፋኖስ፣ 1 ሰዓት" የሚለውን በጣታቸው ነኩና "ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከኋላ በኩል "እኔማ አውቃለሁ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው። ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት።

"ምን አሉ እማማ?"

"ዳጋ ሴት እንደማይገባ። የአባቴ አገር እኮ እዚህ ማዶ ነው። ከልጅነቴ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ሐሙስ ስንነጋገር ቡና ይዘው ገብተው አልነበር? አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተው ዝም አሉ? ምናለ ቢነግሩኝ?"

ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ያውም በሰው ፊት። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የረሰረሰ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉና ረጋ ብለው መለሱልኝ።

"ልጄ፣ ስብሰባ ላይ ቡና አስቀምጦ መውጣት ነው፣ ቃል መናገር የለም ተብሎ ደብዳቤ ወጥቶ የለ? በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ።"

ተለጥፏል። የሻይ ክፍሉ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እማማ ስብሰባ መሀል ገብተው "ስኳር አልቋል፣ ማን ያስገዛልኝ?" ብለው ጠየቁ። አለቃ ተናደደ። ከሰዓት ላይ "የመስተንግዶ ሠራተኞች በስብሰባ ሰዓት ከማስተናገድ ውጪ ማናቸውንም ንግግር ከማድረግ እንዲቆጠቡ" ብዬ ጻፍኩ። አስፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ በፕላስተር ለጠፍኩት። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እሳቸው ለካ በየቀኑ ያነቡታል።

ይቅርታ አላልኳቸውም። ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ነበር። ግን ሥራ አስኪያጁ ቀደመኝ። "በቃ ወንዶቹ ቶሎ ወጥተን እንውረድ። አንድ ሰዓት ነው" ብሎ ተነሳ። ለሴቶቹ የተናገረው ነገር የለም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ጀልባ ነጂውን "እስከዚያ እኛን ናርጋ አታደርሰንም?" ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ከልቡ አዘነ። ናርጋ በደቅ በወዲያኛው በኩል ናት። ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ነዳጁ አይበቃም፤ በተስማማንበት ዋጋ ልክ ነው የተቀዳው። ያ ዋጋ እኔ የመረጥኩት ዋጋ ነው።

መቅረት እችል ነበር። ጉዞውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝና ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ ነበረብኝ። አልቀረሁም። ከወንዶቹ ጋር ወረድኩ።

ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ዛፉ ሰማይ አያሳይም። ዝናቡ ቢያባራም ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ ይወርድብሃል። ላይ ስንደርስ አንድ አባት ዕቃ ቤቱን ከፍተው በመስተዋት ውስጥ ያረፉትን አሳዩን። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲል። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠሩልን። በሕይወቴ አንዴ የማየው ነገር ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ጣራው ላይ ነው። ዝናቡ እንደገና መጥቶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ታች ያለችው ጀልባ ጣራ የላትም። አንድ ጊዜ "ልውረድ" ብዬ ተነሳሁ። "በዚህ ዝናብ ተንሸራተህ ትሰበራለህ" አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት የተባለው ሦስት ሰዓት ሆነ።

ስንወርድ ያየሁትን አልረሳውም። የምሳውን ካርቶን የሸፈንንበትን ላስቲክ አውጥተው ዳርና ዳር ያሉት በእጃቸው ወደ ላይ ወጥረውታል። ሌሎቹ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ከሥሩ ተቀምጠዋል። የወጠሩት እየተፈራረቁ ነበር። ስንደርስ ተራው የፋይናንስ ኃላፊዋ ነበር። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ውኃው በእጅጌያቸው ይወርዳል። የዝናብ ጃኬት የነበረችው አንዲት ወጣት ጃኬቷን አውልቃ ለነፍሰ ጡሯ ፀሐፊ ደርባላታለች።

ምሳው አልተነካም። እንቁላል ሳንድዊች ነበር። ወሩ የሐዋርያት ጾም ነው። ሳዝዝ አንድ የኮሚቴ አባል "የሰኔ ጾም የቄስ ነው፣ ማን ይጾመዋል?" አለኝና አመንኩት። ከ14ቱ ዘጠኙ ይጾሙ ነበር። የማይጾሙትም ዘጠኙ እያዩ አንበላም ብለው ተዉት። እማማ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ይዘው ኖሯል። ለ14 ሰው እፍኝ እፍኝ አካፍለዋል። የተረፈችውን ቋጠሮ ስገባ ዘረጉልኝ። "እንካ፣ ብርድ ላይ ጥሩ ነው" አሉኝ። ተቀበልኩ። በዚያች ጀልባ ላይ የተቆጣሁት በእሳቸው ላይ ብቻ ነበር።

ናርጋ ቀረች። ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ጨምሯል፤ ጀልባ ነጂው "አልሞክርም" አለ። ልክ ነበር። ሐይቁ እስኪረጋ ቆየን። በመልስ መንገድ ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብንና ባሕር ዳር የደረስነው ጨልሞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነው። ዓለም ዋንጫ ነው፣ ብራዚል ከቺሊ ይጫወታሉ። ወንዶቹ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። በረንዳው ላይ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነጠላ ይጨምቃሉ። ጨዋታው ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደርሶ አዳራሹ ሲጮህም ነጠላው ገመድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሪፖርት ጻፍኩ። "ያጋጠሙ ችግሮች" በሚለው ሥር ሁሉንም አንድ በአንድ አሰፈርኩ። ስለ ጣራው፣ ስለ ምሳው፣ ሳናጣራ ስለጨመርነው ቦታ፣ ስለ 14ቱ ሴቶች። ገጽ ተኩል ሆነ። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሠርዞ ተመለሰልኝ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ መስመር ነው። "ያጋጠመ ችግር፦ ዝናብ።" እንደዚያ ሆኖ ወጣ። ፈረምኩበት።

ሒሳቡን ላወራርድ ፋይናንስ ገባሁ። የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ጠረጴዛው በፋይል ተሞልቷል። ኃላፊዋ እያስነጠሳቸው ነው። ማወራረጃው ላይ "ጉብኝቱን ያደረጉ ሠራተኞች ብዛት፦ 31" ብዬ ሞልቻለሁ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ገለጡ። የዳጋው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የ17 ሰው ክፍያ ነው።

"31 ነው 17?" አሉኝ።

"የሄደው 31 ነው።"

"የሄደውን አይደለም። ጉብኝት ያደረገ ነው የሚለው።"

ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሱ። 31ን ሠርዘው ከላዩ 17 ብለው ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "አንተም ፈርምበት" አሉኝ። ፈረምኩ። ስለዚያ ቀን እውነቱን የያዘ ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

የሻይ ክፍሉን ማስታወሻ የዚያኑ ቀን ማታ ሰው ሲወጣ ሄጄ ገነጠልኩት። ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞት ወጣ፣ በሩ ላይ አራት ነጭ ምልክት ቀረ። ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ስለ በሩ ምንም አላሉኝም። ስብሰባ ላይ እንደ ድሮው ቡናውን አስቀምጠው ይወጡ ነበር።

በዓመቱ ላንጋኖ ተባለ። ፕሮፎርማ ከመሰብሰቤ በፊት ፕሮግራሙን ይዤ ሻይ ክፍል ገባሁና አነበብኩላቸው። ስለ ምሳው ጠየቅኳቸው፣ ስለ መንገዱ ጠየቅኳቸው። ጀበናውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "የጾም ምግብ ለብቻው እዘዝ። ሹራብ ያዙ ብለህ ለጥፍ" አሉኝ። ሁለቱንም እዚያው ፊታቸው ጻፍኩ።

"እርስዎስ እማማ፣ ልመዝግብዎት?"

"እኔ እንኳ አልሄድም ልጄ" አሉና ሲኒዎቻቸውን ማጠብ ጀመሩ። "ናርጋ ስትሄዱ ጥራኝ።"

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ናርጋ አልሄደም። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል።