ሮሽ ፒና፣ ድንጋይ ሥር ያለው ስንዴ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሃይፋ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ገሊላ ወጣሁ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሐይቁን ሊያዩ ነበር። እኔ የዱር ስንዴ ፍለጋ ነው የሄድኩት።

ሮሽ ፒና ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አሮን አሮንሶን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1906 የስንዴን የዱር ዘመድ ያገኘው እዚህ ነው፤ ወይን ማሳ ውስጥ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ በቅሎ። እኔም ከመንገዱ ወጣ ብዬ ድንጋይ ለድንጋይ ስሄድ አገኘሁት። ቀጭን ነው። ጢሙ ረዥምና ሻካራ። ዛላውን ነካ ሳደርገው ከጫፉ ጀምሮ እጄ ላይ ተበታተነ።

አንዷን ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ አየኋት። ሁለት ጢም አላት። ሌሊት በእርጥበቱ ጢሞቹ ይቀራረባሉ፣ ቀን ሲደርቁ ይከፈታሉ። እንዲህ እየተንቀሳቀሰች ራሷን አፈር ውስጥ ትቀብራለች። ቅርፊቷን ላላቅቅ ስታገል እናቴ ትዝ አለችኝ። አርሲ ለአራስ ጎረቤት ገንፎ የምትሠራበት የዱሮው አጃም፣ ቅርፊታሙ የስንዴ ዓይነት፣ እንዲሁ ነው፤ ሙቀጫ ውስጥ ካልተሸከሸከ አይላቀቅም። ያ አጃ የዚህ የዱር ስንዴ ልጅ ነው።

በ2003 መኸር ቢጫ ዋግ ሲገባ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ዘርተን ነበር። ማሳው ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው ሱሪው ቢጫ ዱቄት ለብሶ ይወጣል። አባቴ ያን ዓመት ያጨደው ገለባ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ዋግ የሚቋቋመው ዋይአር15 የተባለው ጂን የተገኘው ከዱር ስንዴ ነው። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ለይቶ አወጣው። ድንጋዩ ሥር ቁጭ ብዬ ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሚያድ ወረድኩ። ከብት የሚግጥበት ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዱር ስንዴውን በበቀለበት ቦታ ይከታተሉታል። ከ36 ዓመት በኋላም እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ቦታ ሳይለቅ ነው ያገኙት፤ አንዱ ድንጋዩ ጥግ፣ ሌላው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ። ዘሩን ሰብስቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ደግ ነው። አዲስ አበባም የዘር ባንክ አለን። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከአዲስ ዋግ ጋር አይታገልም፣ ድርቅም አይለምድም። ለእኔ ኮረብታው ራሱ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ስመለስ ከተማው ዳር አዲስ ቤት ሊሠራ መሬቱ ተቆፍሯል። ከአጥሩ ማዶ ጥቂት ዛላዎች ቆመዋል።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። አጃ መሳይ ድንጋይ ላይ በቅሎ አየሁ አልኳት።

«ማን ዘርቶት ነው ልጄ?» አለችኝ።

ስለ ሁለቱ ጢሞች ነገርኳት።